የሞተው አባዱላ ኢንሹራንስ

ድሃ ብሩን የሚያጣው በሌባ ነው ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሌባ ቢያንስ ይሮጣል፤ ያፍራል ማለት ነው። የእኔን ብር የወሰደው ግን ሳይሮጥ፣ ሳይደበቅ፣ "ክቡር ደንበኛችን" ብሎ ጀምሮ "እናመሰግናለን" ብሎ ጨርሶ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ነበር። ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ፣ ቤቴ በር ላይ፣ አዲሷን ባጃጄን አጥባለሁ። አዲሷ ስል ለእኔ አዲስ ማለቴ ነው፤ ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ነድቷታል፤ ወንበሯም ተቀዷል። ግን ለብቻዬ በስሜ ናት። ሰኞ ጠዋት በሳቢያን መስመር ላይ ተራ ሊሰጠኝ ነው። ይህችን ተራ ለማግኘት የባጃጅ ማህበሩን ደጅ ስንት ጊዜ እንደጠናሁ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። ተራ አስከባሪው ያስጠነቀቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦

"ክፍሌ፣ ሰኞ የኢንሹራንስ ስቲከር መስታወቱ ላይ ካላየሁ ተራህን ለሚቀጥለው ነው የምሰጠው። ከኔ ጋ ጭቅጭቅ የለም።"

የሚቀጥለው ሰው ደግሞ ባጃጁን አጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ የእኔን መሰናከል የሚጠብቅ ነው። በዚህ ከተማ እኔ ስወድቅ የሚያነሳው ነገር ያለው ሰው አይጠፋም።

ለኢንሹራንሱ ብር ባንክ አስቀምጫለሁ። በዚያ ጠዋት ልሄድ እየተዘጋጀሁ ሳለ ስልኬ ጮኸች። እጄን አደረቅሁና መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። "ክቡር ደንበኛችን፤ የተሽከርካሪዎ የመድን ውል ለአንድ ዓመት ታድሷል። ክፍያው ከሂሳብዎ ተቀንሷል። እናመሰግናለን።"

የትኛው ተሽከርካሪ? ባጃጇ ገና ውል የላትም። ከሥር የተጻፈውን የሰሌዳ ቁጥር ሳየው ነው የገባኝ። አባዱላው ነው። ከኮሮና በፊት የሞተው አባዱላ።

ሚስቴ አለምብርሃን ከጓዳ ወጥታ ፊቴን አየችና፣

"ማን ሞተ?" አለች።

"መኪናው።"

"እሱማ ከሞተ ቆየ።"

"አሁን ነው የገደለኝ" አልኳት።

ያንን አባዱላ በባንክ ብድር የገዛነው እኔና ሸሪኬ አብዲራህማን ነን። ከድሬዳዋ ሐረር ሰው እንጭንበት ነበር። ዓርብ እሱ መስጊድ ሲሄድ እኔ እነዳለሁ፤ እሁድ እኔ ቤተክርስቲያን ስሄድ እሱ ይነዳል። ሌላውን ቀን እንከፋፈላለን። መኪናዋ ግን ዕረፍት የላትም። የሐረር ተሳፋሪዎች "የማትሰግደው፣ የማታስቀድሰው" ነበር የሚሏት። በዚህ ዓይነት ብድሩን ከፍለን ጨረስን። ጨርሰን ብዙም ሳንቆይ፣ ደንገጎ አቀበት ላይ፣ በእኔ እጅ፣ ሞተሩ ነደደ።

ጠዋት ውሃ ሞልቻለሁ። አሁንም ሞልቻለሁ እላለሁ። አብዲራህማን ተደውሎለት በሌላ መኪና መጣ። ተሳፋሪው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሟል። ወርዶ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አየ፤ ዞረና በሰው ፊት እንዲህ አለኝ፦

"መኪና ውሃ እንደሚጠጣ እንኳ አታውቅም? እኔ ነኝ ጥፋተኛ፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው ሞተር ያመንኩ!"

ሳቁ። ከሳቁት አንዷ እስከ ዛሬ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ሽንኩርት ከከተማው ቢጠፋ ከእሷ አልገዛም።

መኪናዋ ተጎትታ እሱ ግቢ ገባች። እኔ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። መንገድ ላይ ሳየው ወደ ማዶ እሻገራለሁ፤ ማዶው ፀሐይ ቢሆንም እሻገራለሁ፤ ድሬ ላይ ደግሞ ፀሐይ መምረጥ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ታዲያ በየዓመቱ "ውልዎ ታድሷል" የምትል መልዕክት ትመጣ ነበር። እኔ አላሳደስኩም። እንግዲህ እሱ ነው። በሞተ መኪና ላይ ብር የሚያፈስ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ስሜ ከስሙ ሥር ታስሮ እንዲኖር ነዋ። "እኔ አለኝ፣ አንተ የለህም" ለማለት። መልዕክቷ በመጣች ቁጥር ምግብ አይጣፍጠኝም ነበር። ዘንድሮ ግን ከስድብ አልፎ ኪሴ ገባ።

ባንክ ሄድኩ። ከረባት ያሰረ ልጅ ኮምፒውተሩን ነካክቶ፣

"አባባ፣ ብድር ስትወስዱ የፈረማችሁት ነው። የመኪናው ኢንሹራንስ በየዓመቱ በራሱ ይታደሳል። እስካሁን ከመኪናው ሂሳብ፣ ከሁለታችሁ የጋራ ሂሳብ ነበር የሚከፈለው። ዘንድሮ እዚያ ያለው አለቀ። ስለዚህ መጠባበቂያ ብለህ ካስያዝከው ከራስህ ሂሳብ ወሰደ" አለኝ።

"ብድሩን እኮ ጨርሰናል!"

"ብድሩ አልቋል። ትዕዛዙን ግን ያቆመ የለም።"

የጋራ ሂሳቡ ላይ ትንሽ ብር ቀርቶ እንደነበር አውቃለሁ። ሁለታችንም ካልፈረምን አይወጣም። አብሬው ቆሜ ከምፈርም ይቅርብኝ ብዬ ትቼው ነበር። እሱም እንደዚያው ብሎ ይሆናል የተወው።

"ቆይ" አልኩት፤ "አብዲራህማን የሚባለው ሰውዬ መጥቶ አላሳደሰም?"

"ማንም አላሳደሰም። በራሱ ነው።"

ስንት ዓመት ሙሉ የተናደድኩት በማን ላይ ነው ታዲያ? ይህን ሳስብ ደስ አላለኝም። ሰው ንዴቱንም ይወዳል። ሲወስዱበት እንደ ዕቃ ይፈልገዋል።

ከባንኩ ወጥቼ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። ሙኒያ የምትባል ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችኝ። ነገሩን ሰምታ ስታበቃ፣

"ጥሩ ነገር አለ" አለች። "ውሉን ወደ ባጃጅህ ማዛወር ይቻላል። ሌላ ብር አትከፍልም። ስቲከሩን እዚሁ እሰጥሃለሁ።"

"ተባረኪ! በይ አዛውሪው።"

"ግን ውሉ በሁለት ሰው ስም ነው። ሁለታችሁም እዚህ ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ።"

"ወረቀቱን ስጪኝና ላስፈርመው።"

"አይሆንም። ፊቴ ነው የምትፈርሙት።"

"ቢሞትስ?"

"ሞቷል እንዴ?"

"አልሞተም። ለማወቅ ያህል ነው።"

ሳቋን ዋጠች። "ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነን" አለችኝ።

ያን ቀን አልሄድኩም። እግሬ እምቢ አለኝ። ዓርብ ምሳ ላይ አለምብርሃን ሳህኑን ፊት ለፊቴ አስቀምጣ፣

"እንግዲህ ምረጥ" አለች። "ወይ መጋላ አብዲራህማን ቤት ትሄዳለህ፣ ወይ ባጃጇን ሸጠህ ፍየል ትገዛለህ። ፍየል ኢንሹራንስ አይጠየቅም።"

"ያንን ሰው ልለምን?"

"ማን ለምነው አለህ? ፈርም በለው።"

ሄድኩ። ሰዓቱ ፀሐዩ የከተማውን ሰው ሁሉ ቤቱ ያስገባበት፣ ሱቁ የተዘጋበት፣ ከየቤቱ የጫት ወሬ ብቻ የሚሰማበት ነው። የአብዲራህማን ግቢ በር ገርበብ ብሏል። ስገባ አባዱላው ከግንቡ ሥር ጎማ አልባ ሆኖ በድንጋይ ላይ ቆሟል። በመስኮቱ ዶሮ አየችኝ። ወንበሮቹ የሉም።

ወንበሮቹን ያገኘኋቸው ሳሎን ውስጥ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው፣ ጨርቅ ለብሰዋል፤ አብዲራህማን ድሮ ከሾፌሩ ኋላ በነበረው ወንበር ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ ይቅማል። አርጅቷል። ጢሙን በሂና አቅልቶታል። ሚስቱ በድሪያ ውሃ ይዛ ስትገባ አየችኝና ጆጉን ልትጥለው ነበር።

"ያ ረቢ! ክፍሌ!"

አብዲራህማን ቀና አለ። ከዚያ የጎኑን ወንበር በእጁ መታ መታ አደረገው።

"ግባ፣ ዋርያ። ሂሳብ አልጠይቅህም፤ ተቀመጥ።"

ሳልፈልግ ሳቄ መጣ፤ መለስኩት። ተቀመጥኩ። ስፕሪንጉ ድሮም እዚያ ቦታ ላይ ይወጋ ነበር፤ ወጋኝ። ጥቂት ቀንበጥ መርጦ ዘረጋልኝ። ተቀበልኩና ያዝኩት።

"ትናንት መልዕክቷ ስትመጣ" አለ በድሪያንም እኔንም እያየ፣ "ምን አልኩሽ? 'ክፍሌ ዘንድሮም አልቆረጠኝም' አላልኩሽም?"

"ብለኻል" አለች በድሪያ። "በየዓመቱ ነው የሚለው። መልዕክቷን ለጎረቤት ሁሉ ያሳያል።"

"የከበረ ሰው ነው እላለሁ። አኩርፎም ያሳድሳል። አፉ አይናገርም እንጂ ሸሪክነቱን አልጣለም እላለሁ፤ ወላሂ!" አለ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ይፈርምልኝ ነበር። ይህን አውቃለሁ። ሌላ ቃል ሳልጨምር "አዎ፣ እንግዲህ ና ፈርም" ብል ጉዳዬ አለቀ። ግን ያላደረግኩትን ቸርነት መልበስ አልቻልኩም። እኔ የተሰደብኩት በሌለብኝ ጥፋት ነው፤ በሌለኝ ደግነት መመስገንም ያው ነው።

"እኔ አይደለሁም ያሳደስኩት" አልኩት።

"እንዴት?"

"አንተ መስለኸኝ ነበር። በራሱ ነው የሚታደሰው። ከጋራ ሂሳባችን እየበላ። ዘንድሮ ያ አልቆ የኔን በላ።"

የሚያኝከውን አቆመ። በድሪያ ጆጉን መሬት አስቀመጠች።

"አንተ አይደለህም" አለ።

"አይደለሁም።"

"ዘንድሮ ብቻ ነው ወይስ..."

"አንድም ጊዜ።"

ግድግዳውን አየ። ባጃጅ መግዛቴን፣ ሰኞ ተራ እንዳለኝ፣ ውሉ እንዲዛወር የእሱ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ነገርኩት። ስናገር ድምፄ እየከሳ መጣ።

"ልትቆርጠው ነው የመጣኸው" አለ።

"ላዛውረው ነው።"

"ያው ነው። ስሜን ልታወጣ ነው።" ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ። "አቦ! ስንት ዓመት ከማሽን ጋር ነው ታርቄ የኖርኩት? ሂድ እንግዲህ! ማሽኑን አስፈርመው!"

"አብዲ" አለች በድሪያ።

"ነገ ሱቅ አለኝ። አልመጣም።"

ተነሳሁ። ቀንበጡን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። በሩ ጋ ስደርስ በድሪያ ተከተለችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"አንተስ መልዕክቷ ስትመጣልህ ምን ትል ነበር?" አለችኝ።

"ሊያናድደኝ ነው እል ነበር።"

አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ዓይኗን ጠራረገች። "አንድ መልዕክት ለሁለት ሰው ተልኮ" አለች፣ "አንዱ ቤት ሠርግ፣ አንዱ ቤት ለቅሶ። ሂድ ወንድሜ። ነገ ግን ቢሮው ሂድ።"

"አልመጣም ብሏል እኮ።"

"እሱ የሚለውን ሁሉ ቢያደርግ እኔ አራት ጊዜ ተፈትቼ ነበር።"

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ ብዬ አልዋሽም፤ ተኛሁ። ጠዋት ግን ባጃጇን አስነስቼ ከዚራ ሄድኩ። ተስፋ አድርጌ አይደለም። ቤት ብቀመጥ አለምብርሃን የፍየል ዋጋ መጠየቅ ትጀምራለች ብዬ ነው።

ሙኒያ ስታየኝ በዓይኗ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። የለም። ወንበር ሰጠችኝ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አንዱ አይሱዙው የተጋጨበት፣ አንዷ ቪትዟን የምታስመዘግብ። ከጣሪያው ላይ ማራገቢያው ይዞራል፤ ሙቁን አየር ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሳል እንጂ አያበርድም። ስድስት ሰዓት እየቀረበ ሲመጣ ሙኒያ ማህተሙን ወደ መሳቢያው ማስገባት ጀመረች።

"ትንሽ ቆዪ" አልኳት።

"ቆይቻለሁ እኮ፣ አባባ።"

በሩ ተከፈተ። አብዲራህማን ነው። ነጭ ኮፍያ አድርጎ፣ የበዓል ሸሚዙን ለብሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። እኔን አላየኝም። ቀጥ ብሎ ወደ ሙኒያ ሄደ።

"የታለ?" አላት።

"ማን፣ አዴር?" አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

"ማሽኑ! ሰው ሳይጠይቅ የሚያድሰው!"

ሙኒያ ኮምፒውተሯን አየች፤ ከዚያ እሱን አየች። "የባንኩ ነው" አለች ቀስ ብላ። "እዚህ አይደለም።"

"እድለኛ ነው" አለና ከጎኔ ተቀመጠ። "ላንተ ብዬ አልመጣሁም" አለኝ ፊቱን ሳያዞር። "ሁለት ሽማግሌ ያሞኘን ማሽን ሦስተኛ ጊዜ እንዲያሞኘን አልፈልግም። ለዚያ ነው።"

"እኔም ላንተ ብዬ አይደለም የጠበቅኩት" አልኩት።

"ጥሩ።"

"ጥሩ።"

ሙኒያ ማህተሟን መልሳ አወጣች። ቅጹን ዘርግታ መጠየቅ ጀመረች። ስም፣ ሰሌዳ፣ የሞተር ቁጥር። ሁለታችንም የሞተር ቁጥሩን በቃላችን እኩል አልነው፤ እንደ ልጅ ስም። ከዚያ፣

"መኪናው ከሥራ የወጣበት ምክንያት?" አለች።

ማራገቢያው ይዞራል። እሱ ጠረጴዛውን ያያል፣ እኔ በሩን። ይሄው መጣ አልኩ በልቤ። አሁን ደግሞ በዚህች ልጅ ፊት፣ በማህተም፣ "ሾፌሩ ያልተማረ ስለሆነ" ብሎ ያስጽፋል። ለመነሳት እጄን ወንበሩ ላይ አስደገፍኩ።

"ምክንያቱ ካልተሞላ አይሄድም" አለች ሙኒያ።

"ቱቦ" አለ አብዲራህማን።

"ምን?"

"የውሃ ቱቦው። አርጅቶ ነበር። ልቀይረው ብዬ ዛሬ ነገ ስል ሳልቀይረው ቀረሁ። ደንገጎ ላይ ፈነዳ። ጻፊው።"

ጻፈችው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ስንት ዓመት የጠበቅኩትን ቃል ለእኔ ሳይሆን ለቅጹ ነገረው። እኔን በሰው ፊት ሰድቦ፣ ሳይቀይረው የቀረውን ቱቦ ባዶ ቢሮ ውስጥ ተናገረው። ያ ሁሉ ተሳፋሪ የለም፤ ሽንኩርት ሻጯ የለችም። ይበቃል ወይ? ያኔ ቢጠይቁኝ አይበቃም እል ነበር። ልነሳ ያስደገፍኩትን እጄን ግን መልሼ ነበር፤ ስለዚህ ይበቃል ማለት ነው።

"ጌጁም ሞቶ ነበር" አልኩ።

አብዲራህማን ያን ጊዜ ነው ዞሮ ያየኝ።

"ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ። አይሠራም ነበር። ሞተሩ ሲግል የሚነግርህ የለም። ማንም ቢነዳው ያው ነበር" አልኩ። "እሱንም ጻፊው፣ ልጄ።"

"ቦታ የለም" አለች።

"ዳር ላይ።"

ዳር ላይ ጻፈችው። ፈረምን። እሱ በረጅሙ ፈረመ፤ እኔ ስሜን ብቻ ጻፍኩ። ማህተሙ ሲመታ ሁለታችንም ደነገጥን።

"የመጨረሻ ጥያቄ" አለች ሙኒያ። "የባጃጁ ውል በየዓመቱ በራሱ እንዲታደስ ትፈልጋላችሁ?"

"አንፈልግም!" አልን እኩል። የውጪው ዘበኛ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

"እሺ፣ እሺ" አለች እየሳቀች። "ግን ቀኑን ትረሱታላችሁ።"

"ይረሳል" አለ አብዲራህማን በአውራ ጣቱ ወደ እኔ እየጠቆመ። "እኔ እየመጣሁ እጠራዋለሁ።"

"አንተ ምን አገባህ? ባጃጇ የኔ ናት።"

"ባጃጇ ያንተ ናት። ጠሪው እኔ ነኝ። ሲጠሩህ ደግሞ ወደ ማዶ እንዳትሻገር፤ ፀሐይ ነው።"

አይቶኝ ኖሯል።

ስንወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ባጃጇ ቆማለች። አብዲራህማን ዙሪያዋን ዞሮ አያት፤ ጎማዋን በእግሩ ነካ፤ ወንበሯን ጫን ጫን አደረገ።

"ወንበሯ ተቀዷል" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ሳሎኔ ውስጥ ትርፍ ወንበር አለ።"

"ያኛው ይወጋል።"

"ሁለተኛው አይወጋም። ሲመሽ ልኬቱን ይዘህ ና። በድሪያ ምግብ ትሠራለች፤ አለምብርሃንንም አምጣት።"

እንግዲህ አየዋለሁ አልኩት። ስቲከሩን ከእጄ ወሰደና ጀርባውን ላጠው። "ቆይ፣ መስታወቱን ልጥረገው" ብለው አልሰማም፤ ለጠፈው። ጠመመ። ሊያቃናው ሲል ጥጉ ሊቀደድ ሆነና እጁን ይዤ አስቆምኩት።

"ተወው" አልኩት።

"ጠሟል እኮ።"

"ተወው አልኩህ።"

ሰኞ ጠዋት ተራ አስከባሪው ስቲከሩን አየ፤ ሰልፉን በጣቱ አሳየኝ። ያ የእኔን መሰናከል የሚጠብቀው ሰውዬ ከኋላዬ ሆኖ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፋብኝ። አልዞርኩም። ሦስት ሴቶች ከነዘንቢላቸው ተሳፈሩ። ሳቢያን ሳልደርስ ትራፊክ አስቆመኝ። ድሮ ትራፊክ ሲያስቆመኝ ወረቀት ፍለጋ ኪሴን እዳብስ ነበር። አሁን ፊቴን ሳላጠቁር "ሰላም ነው?" አልኩት።

ዞሮ መስታወቱን አየ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ።

"ይሄን ማን ነው እንዲህ የለጠፈው?"

"ሰው ነው" አልኩት።

"ሂድ" አለኝ። ማርሹን አስገባሁና ሄድኩ፤ ሴቶቹ ከኋላ ስለ በርበሬ ዋጋ ያወራሉ።